ኑር የመሰለው ቅባት

የካቲት 18 ቀን 2017፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ይሄን ደብተር የመድኃኒት አስመጪ ወኪሎች ለዘመን መለወጫ ጥለውልን ሄደው፣ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። ዛሬ አወጣሁት። የሆዴን የማወራው ሰው አጥቼ አይደለም፤ የማወራቸው ሁሉ መልስ ስለሚሰጡኝ ነው።

ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች፣ ሃያ ዓመት አይሞላትም። «ባለሦስቱን ቅባት ስጪኝ፣ ለፊቴ ነው» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ በቃሌ የያዝኩትን አወረድኩላት። ውስጡ ሦስት መድኃኒት አለ፤ አንዱ ፈንገስ ይገድላል፣ አንዱ ባክቴሪያ፣ ሦስተኛው መቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም አይቶ ካላዘዘ አይሰጥም። በስሱ፣ በቀን ሁለቴ፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ፊት ላይ አይደረግም። ዓይን አጠገብማ በፍጹም! ልጅቷ እስክጨርስ ጠብቃ «እህት፣ መድኃኒት ቤት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስብከት ቤት ገብቻለሁ» ብላኝ ወጣች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እትዬ ትብለጽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጅቷ ሁለት በር ዝቅ ብላ ያለ ምንም ጥያቄ እንደምታገኘው እኔም እሷም እናውቃለን።

ስወጣ ለእማ አንድ ቱቦ እንዳልረሳ። ያ አልቋል ብላኛለች።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። እማ ከተራዊህ፣ ከረመዳን የማታ ሰላት፣ ስትመለስ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ነው። የመስጂዱ ሴቶች «ከድጃ፣ የአላህ ብርሃን፣ ኑር ወረደብሽ እኮ! እኛም እንሰግዳለን፣ አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» ብለዋታል። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቴ አብዱልሰላም ከሞተ ወዲህ መስታወት ዞር ብላ አይታ የማታውቅ ሴት፣ ዛሬ መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን ስትዳብስ አየኋት። ደስ አለኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቆዳዋ ጠርቷል። ሳስቷል፣ ያብለጨልጫል። ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥር አለ፤ ከቅርብ ያላየው አያውቀውም።

ነሐሴ 2015 ላይ ሲጀምራት እኮ ቅንድቧም የዓይኗ ቆብም ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ውኃ ይቋጥር ነበር። በባለሦስቱ በአራት ቀን ጸጥ አደረግሁላት። ሐኪም ቤት ብትሄድ ወረፋው ራሱ አራት ቀን ነው። ዑዘይር ያኔ «እህቴ ዶክተር ናት» እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። ወንድሜ ሲያዳንቅ ልክ የለውም። ዶክተር አይደለሁም፣ ድራጊስት ነኝ።

የካቲት 27

ቸኩያለሁ። ወረፋው በር ላይ ደርሷል።

ትናንት ኢፍጣር ላይ እማ ሾርባውን ከሳህኑ አጠገብ ቀዳችው። ጠረጴዛው ላይ። ዑዘይር ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ጾም ነው። ድካም ነው።

ቱቦው በዘጠኝ ቀን ከግማሽ በታች ሆኗል። ለመስጂድ ሴቶች እያካፈለች መሆን አለበት። እሷ እንደሆነች ከለመኗት ጥርሷንም ነቅላ ትሰጣለች።

መጋቢት 2፣ ማታ

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። እማ ከመስጂድ ስትመለስ የታክሲ መስታወት ትከሻዋን መትቷት፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች አሉ። ታክሲው የቆመ ነው። የቆመ ታክሲ ከየት ይመጣል!

«ኢክራ፣ በቀኝ በኩል ማየቷን እንጃ» አለችኝ የሺ። «አንቺ መቼም ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

የዓይን ሞራ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፣ ከዒድ በኋላ እወስዳታለሁ አልኳት። ገብቼ ለዑዘይር የነገርኩት ያንኑ ነው። እሱም «እንግዲህ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» ብሎ ስልኩን መጎርጎር ቀጠለ።

እማ በየረመዳኑ ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር አንብባ ታከትማለች። ማንበብ የተማረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አፍንጮ በር ላሉ ሕፃናት በሚያስተምሩት ሸኽ ዘንድ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር መሬት ተቀምጣ። ልጆቹ «እማማ ተማሪ» ይሏት ነበር። በዚች አገር ላይ የእኔ ነው የምትለው አንድ ነገር ቢኖር ያ ንባቧ ነው። ዘንድሮ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሠላሳው ጁዝ ገና አራተኛው ላይ ናት። «ፊደሉ ከጎንና ከጎን ይሸሸኛል» አለችኝ። መነጽር እንገዛለን አልኳት።



መጋቢት 7፣ እሁድ

ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ ቤት ዋልኩ። ለዙሁር ሰላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ስትገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከትራሱ ሥር ቱቦውን አወጣች። በጣቷ ልክ ጨምቃ ቅንድቧን፣ የዓይኗን ቆብ፣ ከዓይኗ ሥር፣ ጉንጯን፣ እስከ አገጯ ቀባች። የዓይኗን ጥግ ስትቀባ በትንሿ ጣቷ ገፋ፣ ገፋ አደረገችው፤ ኩል የምትኳል ነው የሚመስለው። ከዚያ ሂጃቧን አጥብቃ አሰረችበት።

«እማ፣ ጠዋት ቀብተሽ አልነበር?»

«ለሱብሂማ ቀብቻለሁ። አሁን ታጠብኩ አይደል።»

«በቀን ስንቴ ነው የምትቀቢው?»

«አምስቴ ነዋ!» አለችኝ፣ ስንት ሰላት አለ ብዬ የጠየቅኳት ይመስል። «ውዱእ ያጥበዋል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። አንቺ አይደለሽ እንዴ…»

ምድጃ ላይ የጣድኩት ምስር ገነፈለ፣ ተነሥቼ ሄድኩ።

አምስቴ። በሳሳ ቆዳ ላይ፣ በዓይን ቆብ ላይ፣ በላዩ ደግሞ ጨርቅ ታስሮበት። ዓመት ከሰባት ወር። ስንት ቱቦ እንደወሰድኩላት አልቆጠርኩም።

ቱቦውን ከትራሷ ሥር አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በቃ አልኳት፣ ፊትሽ ድኗል፣ አያስፈልግሽም። «እሺ» አለችኝ። ለእኔ ቃል እምቢ ብላ አታውቅም።

መጋቢት 11

ፊቷ እሳት ሆኗል። በአራት ቀን። ቀልቶ አብጦ ይላጣል፣ ውኃ ሲነካው ታቃስታለች። ለውዱእ ስትታጠብ ጥርሷን ስትነክስ አየሁ።

መጽሐፉ ላይ አለ፣ ተምሬዋለሁ። ረጅም ጊዜ የከረመበት ቆዳ ድንገት ሲከለከል ያምፃል። የቆዳ ሐኪም እያየው ነው መተው ያለበት። እኔ ከትራስ ሥር ሰርቄ አስተውኳት። ዘጠኝ ዓመት ሰው ስመክር! ጅል!

መጋቢት 14

ተራዊህ መሄድ ትታለች። አንዷ የመስጂድ ሴት ልትጠይቃት መጥታ «የሰው ዓይን ነው። ኑሩን ቀንተውበት ነው» አለች። እማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቁርአኑን ሸኽ እንዳስተማሯት ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንገቷን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታዞራለች። ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው። ዑዘይር አላየም። እኔ አይቻለሁ።

የዓይን ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ። መጋቢት 25። ቀድሞ መሄድ ይቻል ነበር፤ ድንገተኛ ብለሽ አምጪያት ብለውኝ ነበር። ዒዱ ይለፍ አልኩ። ለምን ይለፍ እንዳልኩ እንጃ። ከቀጠሮው በፊት ሞራ ነው ብሎ ማመን ስለሚቻል ይሆናል።

መጋቢት 18

ሰጠኋት።

ለመነችኝ። እናቴ፣ እኔን፣ ለመነችኝ። «ኢክራዬ፣ ለዒድ ብቻ። ሰው ሊሰበሰብ ነው። እንዲህ ሆኜ ልቀበላቸው? ሦስት ቀን ብቻ፣ ከዚያ ጣይው።» ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ዓይንሽን እንዳይነካ ብቻ አልኳት። «እሺ» አለች።

ከዓይኗ ቆብ ነው የጀመረችው። የሚያቃጥላት እሱ ነዋ።

መጋቢት 21፣ እሁድ፣ ዒድ

ኑሩ ተመለሰ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ»። ዑዘይር ፎቶ አነሣት፣ ቆንጆ ወጥታለች። የአባቴ ወንድም ልጅ በቀኟ በኩል ቆሞ እጁን ዘርግቶ «ዒድ ሙባረክ» ሲላት፣ እሷ ፊት ለፊቷ ላለው ግድግዳ ፈገግ ብላ «ማነው?» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ ሳህን ለማንሣት ወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ቁርአኑን አላከተመችም። ሰባተኛው ጁዝ ላይ ቆመ። ስለሱ የተናገረ የለም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ

ውስጥ ናት። የዓይን ግፊቷን እየለኩ ነው። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ የአላህን ስም እየደጋገሙ ጮክ ብለው ዚክር ያደርጋሉ። ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ደርሰን ረፋድ አራት ሰዓት ሆነ።

ሞራ ይሁን። ያ ረቢ፣ ሞራ ይሁን። ሞራ ይነሣል።

ማታ፦

ሞራ አይደለም። ግላኮማ ነው። ጤናማ ግፊት ከሃያ አንድ አይበልጥም፤ የእማ ቀኝ አርባ ስድስት፣ ግራዋ ሠላሳ ስምንት ነው። ዶክተሯ ልጅ ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ሥዕል አወጣችልን። የቀኙ ዓይን ነርቭ አልቋል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የቀረው የለም። ግራው መሐሉ ብቻ ነው የቀረው፤ በጠባብ ቀዳዳ የማየት ያህል።

«የጠፋው አይመለስም፣ እናቴ» አለቻት። «በጠብታም በቀዶ ጥገናም የምንሠራው የቀረው እንዳይጠፋ ነው። እሱንም ቃል አልገባልዎትም። እስካሁን ምንም አላመመዎትም?»

«ምንም» አለች እማ። «ዝም ብሎ ነው የሄደው።»

ከዚያ ዶክተሯ ጠየቀች። ጠብታ፣ ኪኒን፣ ቅባት፣ ፊትዎን የሚቀቡት ነገር አለ? እማ ከጡቷ ሥር ከተቋጠረች መሐረብ ውስጥ ቱቦውን አወጣች። ዶክተሯ አገላብጣ አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ማን አዘዘልዎት?»

እኔ አጠገቧ ነኝ። ጉልበታችን ይነካካል።

«ማንም» አለች እማ። «መርካቶ ነው የገዛሁት። ሴቶች ሲቀቡ አይቼ።»

«ስቴሮይድ አለበት፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ዓይን ላይ አይደረግም ያለዎት ሰው የለም?»

«ማን ይነግረኛል ብለሽ ነው፣ ልጄ። አላዋቂ ነኝ።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «ልጃቸው ነሽ? ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሱቅ ውስጥ ነኝ» አልኳት።

እማ ረስታ ነው። ዕድሜ ነው፣ ድንጋጤም አለ። ማን እንዳመጣላት እንኳን አታስታውስም ማለት ነው። መርካቶ ከሄደች ሁለት ዓመት ይሆናታል።

መጋቢት 30

ጠብታ ሦስት ዓይነት። ኪኒን። የቆዳ ሐኪም ደግሞ ፊቷን አየላት፤ ባለሦስቱ በቃ፣ ዳግመኛ እንዳይነካሽ አላት። ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜ ይቃጠላል፣ ከዚያ ይረጋጋል አለ። ሲጀመር ምን እንደነበረ አሁን ማወቅ አይቻልም ይላል። ምናልባት የሂጃቧ ጨርቅ ቀለም ያመጣው ተራ አለርጂ ነበር። ሂጃብ መቀየር በቂ ይሆን ነበር።

ይሄን አረፍተ ነገር ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ሰርዤው ነበር። ይቀመጥ።

ሚያዝያ 9

ዛሬ አንድ አባት ለሕፃን ልጁ ዳይፐር ላቆሰለው ቂጥ ባለሦስቱን ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ። በቃሌ የያዝኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እትዬ ትብለጽ ተነሥታ እሷ መከረችው፤ ሕፃኑን ለሐኪም አሳየው፣ ዳይፐር የታሸገ ቦታ ላይ ይሄ መርዝ ነው አለችው።

ሰውዬው ሲሄድ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

አንዲት ደንበኛ እንዲህ ሆነች ብዬ ነገርኳት። አንዲት እናት። ባለሙያ የሆነች ዘመዷ ትሰጣት ነበር፣ ዓይኗ ጠፋ።

«ባለሙያ?» አለች ትብለጽ። «ምን ዓይነት ባለሙያ ናት? ፈቃዷን መንጠቅ ነው እንጂ! ያልተማረ ቢሰጣት ይሻላት ነበር፤ ያልተማረን ሰው ሰምቶ በቀን አምስቴ የሚቀባ የለም።»

አምስቴ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። ነግሬአት ይሆን? አላስታውስም።

ሚያዝያ 21፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። እሺ፣ ልጻፈው።

ነሐሴ 2015፣ ከቀትር በኋላ ነው። ዝናብ ነበር፣ ባንኮኒው ላይ ሰው ተደርቧል። እማ ደወለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ሰክቼ የአንዱን የስኳር መድኃኒት እየቆጠርኩ ነበር። «ኢክራዬ፣ ያመጣሽልኝ ቅባት ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር ይታጠብብኛል፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ሐኪም አይቶሻል ወይ እለው ነበር፤ የት ነው የምትቀቢው እለው ነበር፤ ሁለቴ ብቻ፣ ለሱብሂ ከታጠብሽ በኋላና ለኢሻ ከታጠብሽ በኋላ እለው ነበር። ዓይን እለው ነበር። ለማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ እላለሁ። ለእማ ግን «ከታጠበ መልሰሽ ቀቢዋ እማ! አሁን ሥራ ላይ ነኝ!» ብዬ ዘጋሁት።

ቁጡ ነበርኩ። አስታውሳለሁ፣ ተቆጥቼ ነበር የዘጋሁት።

መልሳም አልጠየቀችኝ። ልጇ ባለሙያ ናት። ልጇ ያለችውን አደረገች፣ በየቀኑ፣ አምስት ጊዜ፣ አንድም ሳታጎድል።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ግራውን ዓይን ዛሬ ቀደዱላት። ግፊቱ በጠብታ አልወርድ ብሎ ነው። ዶክተሯ «ተስፋ አትቁረጡ» አላለችም። «እናያለን» ነው ያለችው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጀመርኩ። «እማ፣ ያኔ በስልክ የነገርኩሽ…»

«ስልኬን ዑዘይር ጋ ነው የተውኩት?» አለችኝ። «ደሴ ላለችው እህቴ ደውይልኝ፣ ዱዓ ታድርግልኝ።»

«ስለ ቅባቱ ነው እማ፣ እኔ ነኝ…»

«ደውይልኝ አልኩሽ እኮ።»

ደወልኩላት። አልሰማችኝም። ጭንቅ ላይ የነበረች ሴት ናት፣ ምን ትስማ።

ግንቦት 13

ፋሻው ከተነሣ ስድስት ቀን። በግራዋ ጥላ ታያለች። የሰው ቅርጽ። ማን እንደሆነ በድምፅ ነው የምታውቀው። በቃሏ የያዘችውን ሱራ ትቀራለች፤ ብዙ አልያዘችም፣ ዘግይታ ነው የጀመረችው። ቁርአኑን ሣጥን ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

ዑዘይር መርካቶ ድረስ ሄዶ ቅባቱን የሸጡላትን ሰዎች እፈልጋለሁ ይላል። «ስማቸውን ብቻ ትንገረኝ!» እያለ ይፎክራል። እማ «ተው፣ አላህ ያያቸዋል» ትለዋለች። እኔ ሳህን አጥባለሁ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ትብለጽ ግማሽ ቀን ሰጥታኝ በጊዜ ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። የሺ ከእማ ጋ ናት። ልገባ ስል የእማን ድምፅ ሰማሁ።

«የሺዬ፣ የጠብታው ካርቶን ላይ ሐኪሞቹ በእስክርቢቶ የጻፉት አለ። እስቲ አንብቢልኝ።»

«በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በግራ ዓይን፣ አንድ ጠብታ ይላል።»

«ሁለት?»

«ሁለት።»

«እስቲ ደግመሽ እይው።»

«ሁለት ነው ከድጃ፣ ሁለት! ኢክራ አልነገረችሽም እንዴ?»

«ነግራኛለች። እሷም ሁለት ነው ያለችው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«እንዲያው ነው» አለች። «ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት፣ ይከፋታል። እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ።»

የሺ ቀስ ብላ አነበበችላት። ሁለት ነበር ያልኳት። ልክ ነበርኩ። ቢሆንም ሦስቴ አስነበበቻት።